ውሃ ውስጥ ገበታ የዘረጉት ጋሽ አደም

ጋሽ አደም ማረፋቸውን የሰማሁት መተማ፣ ሸህዲ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ልጃቸው ዘሐራ ከጎንደር ሆስፒታል ደወለችና፣ «ማንጤ፣ አባዬ…» ብላ ቀረች። ቀሪውን አልጠየቅኋትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ባለ ሽንኩርቷ አየችኝና፣ «ምነው እህቴ፣ ገና ሳትከትፊው?» አለችኝ። ልትቀልድ ፈልጋ ነው፣ አልፈርድባትም። «ጋሽ አደም አረፉ» ስላት ግን ሚዛኗን መሬት አስቀምጣ አብራኝ አለቀሰች። ለካ እሷም አንድ ቀን ወንዙ ውስጥ ቁጭ ብላ ዓሣቸውን በልታለች።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ወዲያው መልአክ ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለው ነገር አይሆንልኝም። ጋሽ አደም ነዝናዛ ነበሩ። ጨው አነሰ፣ እሳቱ በዛ፣ ዓሣው ለምን ቶሎ አልተገለበጠም፣ አንቺ ልጅ ፀጉርሽን ሸፍኚ… ጨጓራዬን ሲልጡት ነበር የሚውሉት። እኔም የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ አፌ አያርፍም፤ አንድ ሲሉኝ ሁለት እመልሳለሁ። ስንጨቃጨቅ የሰማ እንግዳ ዛሬስ ተደባደቡ ብሎ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ግን ደግሞ እንዴት እንደምወዳቸው! አባቴ የሞተው ነፍስ ሳላውቅ ነው። አባት ማለት ምን እንደሆነ ካወቅኩ ከእሳቸው ነው ያወቅኩት።

መተማን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲገባው ትንሽ ልንገረው። መጋቢትና ሚያዝያ እኛ ዘንድ ሙቀት ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የመኪና በር በባዶ እጅ አይያዝም። ሰው ምሳ ቀርቦለት ከመጉረሱ በፊት ላቡን ይጠርጋል፣ ጎርሶም ይጠርጋል፣ ኋላም ምግቡን ትቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ይሄዳል። ጋሽ አደም ታዲያ በዚህ ሙቀት ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ከሸህዲ ወጣ ብሎ፣ ጓንግ ወንዝ ውስጥ። ወንዝ ዳር አላልኩም፣ ውስጥ ነው ያልኩት። በበጋ ጓንግ ይቀጥናል። ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጠጠሩ ላይ የሚሄደው ውሃ ከባት አያልፍም። እዚያ ላይ ጠረጴዛ ተከሉ። እንግዳው ጫማውን ዳር ላይ ያወልቃል፣ ሱሪውን ይሰበስባል፣ ይገባል። እግሩን ወራጅ ውሃ ውስጥ አድርጎ እንደተቀመጠ የተጠበሰ ዓሣ ይቀርብለታል። እኔ ዳር ላይ እጠብሳለሁ፣ ትሪውንም ውሃውን እያቋረጥኩ አደርሳለሁ።

መጀመሪያ የገቡት ወንበሮች ፕላስቲክ ነበሩ። በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወፈር ያለ ነጋዴ እጁን ሊታጠብ ብድግ ሲል ወንበሩም አብሮ ብድግ አለና መንገድ ጀመረ። ጓንግ የሚፈሰው ወደ ሱዳን ነው። ወንበሩ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲሄድ እኔ ልይዘው ስሮጥ ጋሽ አደም ዳር ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡለታል። «ሂድ! ሱዳን ስትደርስ ሰላም በልልኝ! ኬላ ላይ የሚጠይቅህ የለም!» እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄደው፣ ያረጀ የትራክተር ማረሻ ዲስክ እግር የሆነላቸው የብረት ወንበሮች አሠርተው መጡ። ክብደታቸው ለጉድ ነው፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ክረምት ሊገባ ሲል እየጎተትኩ የማወጣቸው።

ሐሳቡን ከየት አመጡት? ጎልማሳ ሳሉ በሱዳን በኩል አድርገው ዓረብ አገር ገብተው ነበር። እዚያ ባሕር ውስጥ በተሠራ ምግብ ቤት ተቀጠሩ። ግድግዳው መስታወት ነው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ዓሣው እንደልቡ ይዋኛል፣ ሀብታሙ ከባሕር ሥር ቁጭ ብሎ እያየ ይበላል። ይህን ሲነግሩኝ ሥራዬን ትቼ አፌን ከፍቼ ነበር የማዳምጠው።

«ታዲያ ምን ይመስላል ጋሼ?»

«ምኑ?»

«ከታች ነዋ! ክፍሉ!»

«እኔ ምን አውቄ። አንድ ቀን አልወረድኩ።»

ለካ እሳቸው ሳህን አጣቢ ነበሩ። ማጠቢያው ከላይ ነው፣ ሳህኑ በትንሽ አሳንሰር ከታች ይመጣላቸዋል። አንድ ጊዜ ኃላፊውን ለመኑት፤ ላፍታ ወርጄ ልይና ልመለስ አሉት። የአጣቢ ቦታው ከላይ ነው አላቸው፣ አለቀ። ያን ሁሉ ዘመን ከባሕሩ በላይ ቆመው የባሕር ውስጥ ሳህን አጠቡ። ሲያወሩት ቂም የለባቸውም፤ ቆብ የመሰለች ነጭ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይስቃሉ። እኔ ግን ቆሽቴ ያርራል።

«ሳህኑን ጣል አድርገው አይወርዱም ነበር? ማን ይነካዎታል?»

«ከዚያስ? ሳህኑን ማን ይጠበው?» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ደግሞ ሳህኑ ይነግረኝ ነበር። ሩዙ እንዳለ፣ ዓሣው እንዳለ ተመልሶ ይመጣል። ሰዎቹ መስታወት መስታወቱን ሲያዩ መብላት ረስተዋል ማለት ነው። እርስ በርስስ ይተያዩ ይሆን? እያልኩ አስባለሁ» አሉ።

ለዚህ ነው አገራቸው ሲገቡ መስታወት አያስፈልግም ያሉት። ሰውዬው ራሱ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ፊት ለፊቱም ሰው ይቀመጥ አሉ። እኔን ሲቀጥሩኝ የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር፣ «ሲከፈት የመጀመሪያውን ዓሣ እዚያች መሀል ጠረጴዛ ላይ፣ እግሬን ነክሬ እኔ ነኝ የምበላው» የሚል ነበር። እንደ ልጅ ነበር የቋመጡት።

አልሆነላቸውም። ጠረጴዛዎቹን ሲተክሉ ባዶ እግራቸውን ነበሩና የግራር እሾህ ተረከዛቸው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እሳቸው እቴ፣ አላወቁም፤ ማታ ምንጣፉ ላይ ደም አይታ የጮኸችው ዘሐራ ናት። ስኳር በሽታ ነበረባቸው። ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ነርስ ቁጣ ቁጣ እያላት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ የወንዝ ውሃ እንዳይነካው፣ ከነካው ግን እግራቸውን እንደሚያጡ ነገረቻቸው። ዘሐራ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘች። «ማንጤ፣ አብረሽው የምትውይ አንቺ ነሽ። አደራ። እኔን አይሰማኝም» አለችኝ። «እኔ እያለሁ ጣታቸውን አይነክሩም» አልኳት። የስኳር ቁስል ግን የሚደርቅ መስሎ የማይደርቅ ነገር ነው። አንዱ በጋ አለፈ፣ ሌላውም መጣ፣ ቁስሉ ግን እዚያው ነው።

እንግዳ ሸኝተን ሳህን ስንሰበስብ በጎማ ጫማቸው ከውሃው ጫፍ፣ ደረቁ ጠጠር ላይ ይቆሙና ውሃውን ያዩታል።

«ማንጤ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬም አይሆንም!»

«ጣቴን ብቻ። አንዷን።»

«ለዘሐራ ልደውል?»

«ኸላስ፣ ኸላስ! በቃ!» ይሉና ሁለት እጃቸውን እንደ ተማረከ ሰው ያነሳሉ። ይህ በየቀኑ ነበር። አንዳንድ ቀን እየሳቁ፣ አንዳንድ ቀን ሳይስቁ።

ራሳቸው ባይገቡም የሚገባውን ሁሉ የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። እግሩን ያልታጠበ ሰው ወንዙን አይረግጥም። ዱካ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ የውሃ ማንቆርቆሪያ ኢብሪቃቸውን ይዘው፣ የመጣውን ሰው እግር ውሃ ያፈሱለታል። ባለ መሬቱም ይምጣ፣ የቀን ሠራተኛውም ይምጣ። ትልልቅ ሰዎች ያፍሩ ነበር። «ኧረ ጋሽ አደም፣ በሞቴ እርስዎ አያጥቡኝም!» ሲሏቸው፣ «የማጥበው አንተን መሰለህ? ወንዙን ነው የምጠብቀው!» ይሉና ያፈሳሉ። በዚያውም ቁስል ይፈልጋሉ። ምንጠራ ላይ መጥረቢያ የነካው፣ ጫማ የላጠው እግር ካዩ አያስገቡትም። «ና፣ እኔም ከውጭ ነኝ» ይሉና አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው አብረውት ይበላሉ፣ ከበላ በኋላ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። «ችላ አትበል፣ ሂድ! እኔን እይ!» እያሉ።

ጤነኛው እግር ውሃው ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሰውዬውን ፊት ነው የሚያዩት። ከዚያ ሙቀት የመጣ ሰው እግሩ ቅዝቃዜ ሲነካው ፊቱ ይፈታል፤ ኮስታራውም «እሰይ!» ይላል። ጋሽ አደም ያቺን ለማየት ሥራቸውን ያቆማሉ። አንዷ እንኳ እንድታልፋቸው አይፈልጉም ነበር። አንዱ ፈሪ ነጋዴ ታዲያ አንድ እግሩን አንስቶ፣ «አዞ የለም አይደል?» አላቸው። «ቢኖርም አትስጋ፣ እዚህ ዓሣ ብቻ ነው የሚበላው» አሉት።

ዓሣ ብቻ መሆኑም ምክንያት አለው። መተማ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሠርጉም ለቅሶውም አብሮ ነው። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ቢላዋውም ድስቱም ይለያያል፤ እኔ የሱን አልበላም፣ እሱም የኔን። ዓሣ ግን የሚባርከውና የሚያርደው የለም፤ ከውሃ ይወጣል፣ ይጠበሳል። ስለዚህ ጋሽ አደም ቤት ቆሮሶ ዓሣ ነው፣ በጾም ደግሞ ፉልና ባምያ። የሚቀርበውም በአንድ ትሪ ነው። ብቻውን የመጣ ሰው ብቻውን አይበላም፤ ከማያውቀው ጋር ይቀመጣል። ካልፈለገ መንገዱ ክፍት ነው።

አንድ ቀን ሰሊጥ የሚያለማ የጎንደር ባለሀብት ከጓደኞቹ ጋር መጣ። እኔ እንጨት ላመጣ ዞር ስል ሾፌሩ ከመኪና የፍየል ጎድን አውጥቶ የዓሣዬ መጥበሻ ፍርግርግ ላይ ደረደረው። እሳት አለ፣ ብረት አለ፣ ምን ችግር አለው ብሎ ነው። ሽታው ሲመጣ መሀል ጠረጴዛ ላይ የነበሩት የድንበር ነጋዴዎች፣ ሙስሊሞች ናቸው፣ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። እኔ ደርሼ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ አደም በእጃቸው አስቆሙኝ። ፍርግርጉን ከነሥጋው በጨርቅ ያዙና ለሾፌሩ ሰጡት።

«ይኼ ያንተ ነው። ሥጋውን መኪናችሁ ጋ አስቀምጥና ተመለስ። ጌታህም ይምጣ። እናንተ ሳትመጡ ማንም አይጎርስም» አሉት።

ሾፌሩ ላብ በላብ ሆነ። «ጋሼ፣ አላወቅኩም…»

«እንዳላወቅህ አውቄአለሁ። ቶሎ በል፣ ሰው ርቦታል።»

በዚያ ቀን የሚጠበስበት ብረት አልነበረም። ዳቦ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በትሪ አቀረብን። ባለሀብቱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መጣና ነጋዴዎቹ መሀል ተቀመጠ። መጀመሪያ አቀርቅሮ ነበር። ኋላ አንዱ ነጋዴ ዳቦ ቆርሶ፣ ሽንኩርት አድርጎ አጎረሰውና ነገሩ በረደ። ሲመሽ ስለ ሰሊጥ ዋጋ እየተከራከሩ ነበር። እኔ ግን ለፍርግርጌ ሳዝን ሰነበትኩ። አዲሱ እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አይጠብስልኝም።

ሌላም አለ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ይገባ ነበር። አንድ ቀን አቧራ የለበሱ ሽማግሌ ሱዳናዊ መጡ። ጋሽ አደም በዓረብኛ ሰላም አሏቸው፣ እግራቸውን አጠቡላቸው፣ እኔም ውሃው ውስጥ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ዓሣውን ይዤ ስደርስ ሽማግሌው እግራቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ጭልጥ ብለው ተኝተዋል። ልቀሰቅሳቸው ስል ጋሽ አደም ከዳር ሆነው በጣታቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱ በሙሉ በሹክሹክታ ሆነ። ፀሐይዋ ከሮቃው ጥላ ዞራ ሽማግሌው ላይ ስትወጣ ጋሽ አደም ጃንጥላ ወረወሩልኝ። ውሃው መሀል እንደ ባንዲራ እንጨት ተገትሬ ጃንጥላ ያዝኩ። ዓሣዬ ዳር ላይ ያርራል፣ እኔ በምልክት እለምናለሁ፣ እሳቸው በምልክት ዝም በይ ይሉኛል። ሽማግሌው ሲነቁ ሁለት ሰው የሚበቃውን በሉ። እኔም ንዴቴ በዚያው ወጣልኝ።

ዘንድሮ ቁስሉ ጠቆረ። ግንቦት ላይ ዘሐራ ጎንደር ወሰደቻቸውና ሐኪሞቹ የቆሰለው እግር ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፣ ሌላውም እግር ቢሆን ያሰጋል አሉ። ነገ ሆስፒታል ሊገቡ ዛሬ፣ ወንዙን ልሰናበት ብለው መጡ። ዘሐራም አብራቸው ነበረች። የመጨረሻዎቹ እንግዶች ሲሄዱ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። በፋሻ የተጠቀለለው እግራቸው ፊታቸው ተዘርግቷል።

«ማንጤ፣ ዛሬስ?»

የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ነበር። ዘሐራን አየኋት። ዘሐራ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች። እግሩ ነገ ይሄዳል። ምኑን ነው ከእንግዲህ የምጠብቀው?

«ዛሬ ይሁን ጋሼ» አልኩ።

አላመኑኝም። «ትቀልጃለሽ?»

«ምን ቆርጦኝ። ይነሱ።»

ፋሻውን ዘሐራ ራሷ ፈታችው። በግራና በቀኝ ደግፈናቸው፣ ጀለብያቸውን ሰብስበንላቸው፣ ቀስ እያልን መሀል ጠረጴዛ አደረስናቸው። ብረቱ ወንበር ላይ ሲቀመጡ «ቢስሚላህ» አሉ። የቀረችኝን አንድ ቆሮሶ ጠብሼ አመጣሁ። ትሪውን አስቀምጬ ልመለስ ስል ቀሚሴን ያዙ።

«ተቀመጪ። ብቻዬን አልበላም።»

ያን ሁሉ ጊዜ ውሃው ውስጥ ስመላለስ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። ዘሐራም ተቀመጠች። ጋሽ አደም የዓሣውን እሾህ በጥንቃቄ አውጥተው መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አጎረሱ። እኔም አጎረስኳቸው። ስለ ጨዉ ምንም አላሉም። ጎርሰው እያኘኩ ወደ ታች፣ እግራቸውን ያያሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ እግራቸው ጠጠሩ ላይ ይታያል። ፊታቸውን እጠብቃለሁ፤ ያ የሰው ሁሉ ፊት የሚፈታበት ነገር እስኪመጣ። ቆየሁ። አልመጣም።

ዘሐራ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማንጤ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ቀዝቃዛ ነው?»

መጀመሪያ የዓሣው መስሎኝ ነበር። ኋላ ዓይናቸውን ሳይ ገባኝ። እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷል። ውሃ ውስጥ መሆኑን የሚያውቁት ስለሚያዩት ብቻ ነው። እግሬን ከእግራቸው አጠገብ፣ ጠጠሩ ላይ አስጠጋሁት።

«በረዶ ነው ጋሼ» አልኩ። «ከተረከዝዎ በኩል ይገባና በጣቶችዎ መሀል ይወጣል። ጠጠሩ ትንሽ ይኮረኩራል። አሁን ደግሞ ትንንሽ ዓሣዎች መጥተው በአፋቸው እየነኩዎት ነው፤ ቀኝ እግርዎን፣ እዚህ ጋ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀስ እያልሽ ንገሪኝ» አሉ።

ቀስ እያልኩ ነገርኳቸው። ዓሣው ትሪው ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነገርኳቸው።